ጥያቄው ይነበብላቸው፦ ለሐዋሳ ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ የመማር እክል ያለባቸውን ተማሪዎች ይመለከታል

የተከበሩ የመምሪያው ኃላፊ፣ ጤና ይስጥልኝ።

አንደኛ ደረጃ ሳስተምር ከትምህርት መልስ አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጥ ተማሪ ነበረኝ። ከ200 ብር ላይ መልስ ሲቆጥር ወረቀት አይፈልግም። ያው ልጅ «አበበ ስድስት ብርቱካን ገዛ» የሚለውን ጥያቄ አንብብ ሲባል ላብ ያጠምቀዋል። «ነ»ን ከ«ኘ»፣ «ለ»ን ከ«ሉ» ያምታታል። ሰነፍ ነው ብዬ ኋላ ወንበር አስቀመጥኩት። አምስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ተወ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መምሪያውን ልከስ አልመጣሁም።

የልጁ ችግር ዲስሌክሲያ የሚባለው የማንበብ እክል ሳይሆን አይቀርም። ዲስሌክሲያ የዓይን ሕመም ስላልሆነ መነጽር አይፈታውም፤ ከማሰብ ችሎታ ማነስም አይመጣም። እክሉ በዋናነት የቃሉን ድምፅ ለይቶ ከፊደሉ ጋር ማገናኘቱ ላይ ነው፤ በቤተሰብም ይወረሳል። ፊደላችን ደግሞ ምሕረት የለውም፦ 33 ሆሄ በ7 ሲባዛ 231፤ አንዲት ጭረት ድምፁን ትለውጣለች። እዚህ ሐዋሳ ልጆቻችን በላቲንም በግእዝም ፊደል ስለሚማሩ «ቋንቋው ነው የከበደው» ብሎ ማለፍ ይቀለናል። አፉን በፈታበት ቋንቋም ሲያነብ የሚደናቀፍ ከሆነ ግን ሰበባችን አያስኬድም።

ሌሎችም አሉ። ጥርት አድርጋ የምታነብ ልጅ 7 ይበልጣል ወይስ 9 ስትባል ጣቷን ትቆጥራለች፤ ይህ ዲስካልኩሊያ የሚባለው የቁጥር እክል ሊሆን ይችላል። በቃል የሚመልሰውን ወረቀት ላይ ማስፈር የሚያቅተው ዲስግራፊያ ሊኖርበት ይችላል። ትኩረት የማጣቱ ችግር፣ ኤዲኤችዲ የሚባለው፣ ከእነዚህ ጋር ይደራረባል እንጂ አንድ አይደለም።

አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ አንቀጽ 24 ለተማሪው እንደ ፍላጎቱ እንዲመቻችለት ያዛል። ለዓይነ ስውር ተማሪ አንባቢ ሲመደብ ማንም አይገረምም። ማየት እየቻለ ማንበብ ላቃተው ግን ማን ያነብለታል?

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛው ልመናዬ፦ ሁለተኛ ክፍል ላይ እያንዳንዱ ልጅ ከመምህሩ ጋር ብቻውን ተቀምጦ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። ለአንዱ ልጅ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ በጀት አይጠይቅም። ሁለተኛው፦ በሂሳብ፣ በሳይንስና በኅብረተሰብ ፈተና ማንበብ ለከበዳቸው ልጆች ጥያቄው ይነበብላቸው፤ ሰዓትም ይጨመርላቸው። የ8ኛ ክፍሉ ክልላዊ ፈተና በእናንተ ብቻ እንደማይወሰን አውቃለሁ። የየትምህርት ቤቱ የሴሚስተር ፈተና ግን ከእጃችሁ አይወጣም፤ ከዚያ ይጀመር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሐዋሳ መምህር