አንድ ሞተር፣ ሁለት ጃጓር

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዓይንህ እስኪሻልህ ደብዳቤውን እህቴ ታነብልሃለች። የሞተር ወሬ ስለሆነ ቀስ ብላ ታንብብልህ።

ባለፈው እሑድ እዚህ እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ከተማ አጠገብ የድሮ መኪኖች ተሰብስበው ነበር። ሁለት ጃጓሮች ጎን ለጎን ቆመው አገኘሁ። አንዷ ኤክስኬ 120 ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ለንደን ላይ የታየችው ዓይነት። ሌላዋ በ1961 ጄኔቭ ላይ የወጣችው ኢ-ታይፕ። ሰው ሁሉ ኢ-ታይፗን ከብቦ ፎቶ ያነሳል። አይፈረድበትም፣ ታምራለች። ቅርጿን ያወጣው ማልኮም ሴየር ከአውሮፕላን ሥራ የመጣ ሰው ነበር። ያንን ረጅም ኮፈን በእጅህ ብትዳብሰው ወዲያው ይገባህ ነበር።

እኔ የቀረብኩት ግን ኮፈኑ ሲከፈት ነው። አባዬ፣ የሁለቱም ሞተር አንድ ነው! ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ ከላይ ቫልቮቹን የሚከፍቱ ሁለት ካምሻፍት። 120ዋ ላይ 3.4 ሊትር ነው፤ ሁለት ካርቡራተር፣ 160 የፈረስ ጉልበት። ኢ-ታይፗ ላይ 3.8 ሊትር፣ ሦስት ካርቡራተር፣ 265 የፈረስ ጉልበት። ያ ሁሉ ነገር ሲቀየር የሞተሩ መሠረት አልተቀየረም።

ሞተሩ የታሰበው ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ያኔ ኮቨንትሪ በቦምብ ትደበደብ ነበር። የጃጓር መሥራች ዊልያም ላየንስና መሐንዲሶቹ ሌሊት ፋብሪካውን ከእሳት ይጠብቃሉ። የጥበቃውን ሰዓት ስለዚህ ሞተር ሲመካከሩ ያሳልፉት ነበር። አንተ ትዝ አልከኝ፤ በሰዓት እላፊው ዘመን ጋራዥ አድረህ በባትሪ መብራት ሞተር ስትፈታ።

«ከመነሳቷ በፊት መቆሟን እይ» ትለኝ ስለነበር ፍሬናቸውን ጠየቅሁ። 120ዋ አራቱም ጎማ ላይ ታምቡር ናት። ስሟ እንደሚለው በሰዓት 120 ማይል ትሮጣለች፣ ወደ 193 ኪሎ ሜትር፣ በታምቡር! የፍሬኑ ሸራ ሲግል መያዙን ይተዋል። ባለቤቷ ቁልቁለት ላይ በማርሽ ነው የሚይዛት፤ እንጦጦን ስንወርድ አንተ ላንድሮቨሩን እንደምትይዘው። ኢ-ታይፗ አራቱም ዲስክ ነው። የኋላዎቹ ግን ጎማው ጋ አይደሉም፤ መሃል ላይ፣ ጉልበቱን ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ዲፍረንሻል ጎን ተወሽቀዋል። እነሱን ለመቀየር ስንት ነገር ይፈታል መሰለህ! ለሚሠራት ሜካኒክ አዘንኩ።

የቱን ትመርጣለህ እንደምትለኝ አውቃለሁ። ለመንዳት ኢ-ታይፗን። ትቆማለች፣ መንገድ ትይዛለች። ከኋላ ባሌስትራ የላትም፤ እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው ነው የሚሠራው። ልቤ የቀረው ግን 120ዋ ጋ ነው። ጦርነቱ ካበቃ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያዎቹ 240 ገደማ መኪኖች ቦዲያቸው በእንጨት ማቀፊያ ላይ የተሠራ አልሙኒየም ነበር። እንደዚያ ባለ ጊዜ እንዲህ ያለ ሞተር ማውጣት ትልቅ ነገር ነው።

ሁለቱም ሲነሱ በስልኬ ቀድቼ ለእህቴ ልኬላታለሁ። ልጅ ሆኜ ዓይኔን አስጨፍነህ፣ ድምፅ ብቻ ሰምቼ የሞተሩን ችግር እንድነግርህ ታደርገኝ ነበር። የቱ ድምፅ የ120ዋ፣ የቱ የኢ-ታይፗ እንደሆነ ለእሷም አልነገርኳትም። ደጋግመህ ስማቸው። እሑድ ስደውል ትነግረኛለህ።

ልጅህ