በቤዝመንት በር ገብተን የፊቱን በር ልንዘጋ ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን የአንባቢ ደብዳቤ አነበብኩት። ጸሐፊው ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ያለው የዊተን ነዋሪ ናቸው፣ እኔም እንደዚያው። ምናልባት ሜትሮ (የከተማው ባቡር) ላይ ተያይተን እናውቅ ይሆናል። ባጭሩ «ካውንቲው ባወጣው አዲስ የቤት ሕግ ሰፈራችን በዱፕሌክስ (ለሁለት ቤተሰብ በተከፈለ ቤት) እና በአፓርታማ ሊበላሽ ነው፣ ፓርኪንግ ይጠፋል፣ ትምህርት ቤት ይጨናነቃል፣ የሰፈራችን ባህርይ ይጠበቅ፣ ሐበሻ ሆይ ተነስና የተቃውሞውን ወረቀት ፈርም» ነው የሚሉት። ሰውየውን ለማስቀየም አልጻፍኩም። ግን መልስ አለኝ፣ በተለይ ደግሞ እኔ ራሴ ያንን ወረቀት የፈረምኩ ሰው ስለሆንኩ።

እንዴት ፈረምክ ብትሉኝ ጎረቤቴ ይዛው መጣች። ጥሩ ሴት ናት፣ በረዶ ሲጥል የራሷን ደጅ ጠርጋ የእኔንም ጨርሳ የምትገባ። እንዴት እምቢ ይባላል? ሳላነብ ፈረምኩ። ማታ ባለቤቴ «ምንድን ነው የፈረምከው?» ስትለኝ «ስለ ሰፈሩ ነው» አልኳት። «ስለ ሰፈሩ ምን?» ዝም። እሷ ከፖስታ ሳጥን ውስጥ ቅጂውን አግኝታ አንብባው ኖሯል። «እኛን የመሰለ ሰው እንዳይገባ ነው የፈረምከው» አለችኝና ወደ ሥራዋ ሄደች። የማታ ፈረቃ ነች። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እኔ ወደዚህ ሰፈር የገባሁት በ2006 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። የገባሁትም በቤዝመንት፣ ማለትም ከቤት ሥር ባለ ክፍል ነው፣ ከሁለት ወጣቶች ጋር ተካፍለን። እላይ አከራዮቻችን ከነልጆቻቸው፣ ጣሪያው ሥር ባለው ክፍል ደግሞ አንዲት እናት ከልጇ ጋር። በካውንቲው ወረቀት ላይ ያ ቤት የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ነው። እውነቱን ከጠየቃችሁ ግን ሦስት ቤት ነበር። አከራዮቻችን ሐበሾች ናቸው፣ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፣ በዓል ሲመጣ ዶሮ ወጡ በጭልፋ ሳይሆን በድስት ነበር የሚወርድልን። የማከራያ ፈቃድ ግን አልነበራቸውም። መስኮታችን የጫማ ካርቶን ያክላል፣ ያውም ላይኛው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ። እሳት ቢነሳ በየት እንደምንወጣ ማናችንም አስበነው አናውቅም፣ ወይም አስበነው ዝም ብለናል።

አንድ ሰመር ከባድ ዝናብ ጥሎ ውሃ ገባብን። ፍራሼን ጨምቄ ጣልኩት። ለማን አቤት ይባላል? ካውንቲ ብጠራ ኢንስፔክተር መጥቶ ቤዝመንቱን ያዘጋዋል፣ እኔም ከነሻንጣዬ ሜዳ ላይ እቀራለሁ። ስለዚህ ፋን ተከራይተን ምንጣፉን አደረቅንና ኑሮ ቀጠለ። ይህ የእኔ ታሪክ ብቻ አይደለም። ይህን ጋዜጣ ከሚያነቡት ውስጥ ቤዝመንት ያልኖረ ስንት ሰው አለ? እጅ አውጡ ብላችሁ ብትጠይቁ አዳራሹ ጸጥ ነው የሚለው።

ታዲያ ለምን እዚህ? ለምን ራቅ ብለን ርካሽ ቦታ አልሄድንም? በሜትሮው ምክንያት ነው። መኪና አልነበረኝም። ዲሲ መሀል ከተማ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ነበር የምሠራው፣ የጠዋት ፈረቃ። ከቤት እስከ ዊተን ጣቢያ በእግር 12 ደቂቃ፣ ከዚያ ያቺን ረጅም ኤስካሌተር (ተንቀሳቃሽ ደረጃ) መውረድ። 230 ፊት ነው ርዝመቷ፣ ወደ 70 ሜትር፣ በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ ረጅሟ ናት። ቆማችሁ ከሄዳችሁ ሦስት ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረውም፣ ስልክ አውጥታችሁ ለእናታችሁ ደውላችሁ ሰላም ብላችሁ ትዘጋላችሁ። ስትበላሽ ደግሞ አታድርስ ነው። ከዚያ ሬድ ላይን የሚባለው ባቡር፣ ከዚያ ሥራ። መኪና፣ ኢንሹራንስ፣ ቤንዚን የሚባል ነገር ስላልነበረብኝ ነው ገንዘብ መያዝ የቻልኩት፣ እሱን ነው እቁብ የጣልኩት፣ በእቁቡም ነው ዳውን ፔይመንት (የቤት መግዣ ቅድሚያ ክፍያ) ያሟላሁት። (ባንኩ «ይህ ሁሉ ገንዘብ ባንዴ ከየት መጣ?» ሲለኝ እቁብ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። የሃያ ሰው ስም ዝርዝር አምጣ ተብዬ ነበር።) ስለዚህ እኔን ባለቤት ያደረገኝ ቤዝመንቱና ሜትሮው አንድ ላይ ሆነው ነው። አንዱ ቢጎድል ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከሌላ ቦታ ነበር።

አሁን ደብዳቤ ጸሐፊው «የሰፈራችን ባህርይ» ያሉት ላይ ልምጣ። ይህ ባህርይ የሚባለው ነገር ከየት መጣ? ቤቶቻችንን የሠሯቸው ሰዎች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለተመለሱ ወታደሮች ነው የሠሯቸው። ቪርስ ሚል ቪሌጅ የሚባለውን ሰፈር ያየ ሰው ያውቀዋል፣ ከ1 ሺህ በላይ ቤት በአንድ ትንፋሽ በ1940ዎቹ መጨረሻ የተተከለ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ ኬፕ ኮድ የሚባል ትንሽ ቤት። ሁለት መኝታ ቤት፣ አንድ ሻወር፣ ጣሪያው ሥር ያለው ቦታ ባዶውን የተተወ፣ ገንዘብ ሲኖርህ አንተው ጨርሰው ተብሎ። የድሃ ቤት ነበር ማለት ነው። ለወጣት፣ ጥሪት ለሌለው፣ ገና ለሚጀምር ሰው የተሠራ። መንግሥትም ብድሩን ዋስ ሆኖ አመቻችቶለታል።

ለሁሉም ግን አይደለም። በዚያ ዘመን በሲልቨር ስፕሪንግ ዙሪያ በብዙ ቦታዎች የባለቤትነት ሰነድ ላይ «ለጥቁር አይሸጥም፣ አይከራይም» የሚል አንቀጽ ይጻፍ ነበር። የቤት ሠራተኛ ከሆነ ግን ማደር ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 እንዲህ ያለውን አንቀጽ ፍርድ ቤት አያስፈጽመውም ብሎ ወሰነ፣ በ1968 ደግሞ የፌዴራሉ ሕግ በዘር ምክንያት ቤት መከልከልን አገደ። አንቀጹ ጠፋ። በአንድ ቦታ ላይ አንድ ቤት ብቻ የሚለው ደንብ ግን አልጠፋም። በካውንቲው ደንብ የእኔ ሰፈር አር 60 ይባላል፣ ትርጉሙ ለአንድ ቤት ቢያንስ 6 ሺህ ስኩዌር ፊት መሬት ያስፈልጋል ማለት ነው። እናም ጸሐፊው «ባህርያችን ይጠበቅ» ሲሉ እኔ ትንሽ ፈገግ ነው ያልኩት። ባህርዩ እንደ ጥንቱ ቢጠበቅ እኮ እኔና እርስዎ እዚህ ጎን ለጎን ጎመን አንተክልም ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ቤቶቹ ሲሠሩ ሜትሮ የለም። መኪና ላለው ሰው ነው የታሰቡት፣ ብዙዎቹ ጎዳናዎች የእግረኛ መንገድ እንኳ የላቸውም። የዊተን ጣቢያ የተከፈተው በ1990 ነው፣ ግሌንሞንት በ1998። ማለትም ቤቶቹ ከቆሙ አርባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ በዚያ ሁሉ ወጪ ከመሬት በታች ተቆፍሮ ባቡር መጣላቸው፣ ከላይ ያለው ደንብ ግን ምንም እንዳልመጣ ሆኖ ቀጠለ። በ2024 ሰመር ከግሌንሞንት እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት ጣቢያዎች ፐርፕል ላይን ለሚባለው አዲስ የባቡር መስመር ሥራ ሲዘጉ አስታውሱ። ስንቱ ነበር በምትክ ባስ እየተንገላታ የባቡሩን ዋጋ ያወቀው። ያን ሰሞን «ሜትሮ አጠገብ መኖር ምን ይጠቅማል» የሚል አንድ ሰው አላጋጠመኝም።

ወደ ሕጉ እንምጣ፣ ምክንያቱም ብዙ የተጋነነ ወሬ አለ። የካውንቲው ካውንስል በጁላይ 2025 ያጸደቀው ለውጥ በየጎረቤትህ ግቢ ሕንጻ ይበቅላል የሚል አይደለም። በሰፋፊ ዋና መንገዶች ዳር ባሉ ቦታዎች ላይ ዱፕሌክስ፣ ታውን ሐውስ (ጎን ለጎን ተያይዘው የሚሠሩ ቤቶች) እና ትንንሽ አፓርታማ እንዲሠራ ይፈቅዳል። ሦስትና ከዚያ በላይ መኖሪያ ከሆነ 15 በመቶው መካከለኛ ገቢ ላላቸው ሠራተኞች ይያዛል። ወደ ውስጥ ያሉት ጎዳናዎች አልተነኩም። የእኔም መንገድ አልተነካም፣ የጸሐፊውም የሚነካ አይመስለኝም።

እውነቱን ለመናገር እኔ ይህ ለውጥ አነሰኝ ነው የምለው። ደግሞም ተአምር አያመጣም። አዲስ ዱፕሌክስ አዲስ ነው፣ ርካሽ አይሆንም። ጋራዥ የሚሠራ ልጅ ነገ ተነስቶ አይገዛውም። ግን አሁን ምን እየሆነ እንዳለ እንይ። ከእኔ ቤት ሁለት በር አልፎ አንድ አሮጌ ቤት ነበር፣ ሽማግሌው ሲሞቱ ልጆቻቸው ሸጡት። ገዢው አፈረሰው። በምትኩ የቆመው ቤት ግቢውን ሞልቶታል፣ የመኪና ቤቱ ብቻ የድሮውን ሳሎን ያክላል፣ የጎረቤቱን ጸሐይ ወስዶበታል። የሚኖሩበት ሦስት ሰዎች ናቸው። ለዚያ ማንም ፊርማ አላሰባሰበም! ለምን? በአንድ ቦታ አንድ ቤት ስለሆነ ሕጋዊ ነው። ያንኑ የሚያክል ሕንጻ ለሁለት ከፍለህ ሁለት ቤተሰብ ላስገባበት ብትል ግን «ባህርያችን» ይመጣል። ይህን ነገር የሚያስረዳኝ ሰው ካለ ቡና የምጋብዘው እኔ ነኝ።

ፓርኪንግ ላሉት፣ ልክ ናቸው፣ ጭንቅ ነው። ማታ ከሥራ ስመለስ አንዳንዴ ሁለት ብሎክ አልፌ ነው የማቆመው። ግን መንገዱን የሞላው ማን ነው? እኛው ነን! አራት መኪና ያለው የሐበሻ ቤት ቁጠሩ። አንዱ ለኡበር፣ አንዱ ለልጁ፣ አንዱ ለሚስት፣ አንዱ ደግሞ «ሲሠራ ይሸጣል» ተብሎ ሦስት ዓመት የቆመ። ለቅሶ ሲኖርማ አይነሳ። ሜትሮና ባስ አጠገብ የሚገባ ሰው ቢያንስ አንዱን መኪና መተው ይችላል፣ ራይድ ኦን የሚባለው የካውንቲው ባስ እንደሆነ ከ2025 ሰመር ጀምሮ በነጻ ነው። ከሜትሮው ርቆ የተገፋ ሰው ግን በግድ መኪና ይዞ፣ በጆርጂያ አቬኑ አድርጎ በእኛው ደጅ ነው የሚያልፈው። ትምህርት ቤት ይጨናነቃል የሚለው ስጋት የተሻለ ክርክር ነው፣ እሱን ካውንቲው በደንብ መመለስ አለበት፣ እኔ አልመልሰውም።

ከሁሉ በላይ የከነከነኝ ግን ስለ ወላጆቻችን ነው። አማቴ ከእኛ ጋር ናቸው። መኪና አይነዱም። ቤታችን ደረጃው ብዙ ነው፣ መታጠቢያው አንድ ነው፣ ሌሊት ለመነሳት የእጅ ባትሪ ይዘው ነው። እሳቸው የሚፈልጉት ትልቅ ነገር አይደለም። መሬት ላይ ያለች አንዲት ክፍል ከነማዕድ ቤቷ፣ ቡናቸውን ራሳቸው የሚያፈሉባት፣ ሲጣሩ ልጃቸው የምትሰማቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ደግሞ ማንንም «አድርሱኝ» ሳይሉ ባስ የሚይዙባት። እንዲህ ያለች ትንሽ ቤት ግቢ ውስጥ ወይም ቤዝመንት ውስጥ በፈቃድ መሥራት በ2019 በወጣው ለውጥ ቀለል ብሏል። ብዙ ወገን ይህን አያውቅም። እኔም ያወቅሁት ፊርማዬ እንቅልፍ ከነሳኝ በኋላ ስፈልግ ነው። ፈቃድ ለማውጣት የቤዝመንቱ መስኮት ሰው የሚያስወጣ መሆን አለበት፣ የጣሪያው ከፍታ ይለካል፣ የጭስ ማስጠንቀቂያ ይገባል፣ ተከራይ ካለም የማከራያ ፈቃድ። ወጪ አለው፣ አልዋሽም። መስኮቱን ብቻ ለማስቆረጥ የተጠየቅኩት ዋጋ ተቀምጠህ የምትሰማው ነው። ቢሆንም አስቆርጣለሁ፣ የጫማ ካርቶን የሚያክለውን መስኮት አልረሳሁትም።

ለጋዜጣችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። ካውንቲው ስለ ቤትና ስለ ዞኒንግ (የት ምን ይሠራ ስለሚለው ደንብ) የሕዝብ ስብሰባ ሲጠራ ቀኑን በአማርኛ አውጡልን። የማከራያ ፈቃድ እንዴት እንደሚወጣም አንድ ቀን በአማርኛ ዘርዝራችሁ ጻፉ፣ አከራዩም ተከራዩም እኛው ነንና። እስካሁን በነዚህ ስብሰባዎች ላይ የሚናገረው ቀን ነጻ የሆነ፣ ቤቱን ከፍሎ የጨረሰ ሰው ነው። ሁለት ሥራ የሚሠራው ሰው ወሬውን የሚሰማው ካለቀ በኋላ ነው።

ጎረቤቴን ሄጄ አነጋገርኳት። ስሜን ከወረቀቱ ላይ እንድትሰርዝልኝ ስጠይቃት ደነገጠች፣ ትንሽም የከፋት መሰለኝ። ቁጭ ብለን አወራን። በመጨረሻ ልጇ በዚህ ሰፈር ቤት መግዛት አቅቷት ራቅ ወዳለችው ፍሬድሪክ እንደሄደች፣ የልጅ ልጆቿን የምታያቸው በወር አንዴ እንደሆነ ነገረችኝ። እኔ ምንም አልጨመርኩም። ስሜን ሰርዛልኛለች። የራሷን ግን አልሰረዘችም።

ከአክብሮት ጋር፣
የዊተን ነዋሪ፣ ሜሪላንድ