የሚድን ጥርስ አይነቀልብን፦ ለሰሜን ሸዋ ዞን ጤና መምሪያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ጤና መምሪያ
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ በጤና ጣቢያዎች ጥርስን የማዳን አገልግሎት እንዲጀመር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎች፣

በመንዝም ሆነ በመርሐቤቴ፣ በይፋትም ሆነ በምንጃር፣ የገጠር ሰው ጥርሱን ሲያመው የሚያውቀው መድኃኒት ማስነቀል ነው። ቀዳዳው ትንሽ ሳለ ችላ ይለዋል፤ ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳው ይመጣል። ያን ጊዜ ደግሞ በቅርቡ የሚያገኘው አገልግሎት ቢኖር መንቀል ብቻ ነው። በዚህ መንገድ በሠላሳ ዓመቱ ግማሽ መንጋጋውን የጨረሰ ገበሬ፣ በሃምሳ ዓመቷ ቆሎ የተሰናበተች እናት በየሰፈሩ አለች። የምጽፍላችሁ ይህ መቅረት የሚችል ስለሆነ ነው። እኔ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ፤ ተማሪዎቼ ጉንጫቸውን ይዘው ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ አያለሁ። ስለ ጥርስ ሕክምና የተሠሩ ጥናቶችን ማንበብ የጀመርኩትም በእነሱ ምክንያት ነው።

ከሁሉ በፊት እንድታዩት የምፈልገው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ፣ በታንዛኒያ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የተጀመረውን ዘዴ ነው። መብራትም ሆነ መሰርሰሪያ አይጠይቅም። ባለሙያው የበሰበሰውንና የለሰለሰውን የጥርስ ክፍል በእጅ መሣሪያ ጠርጎ ያወጣና ቀዳዳውን ግላስ አዮኖመር በሚባል ሙሌት ይደፍነዋል። ሙሌቱ ከጥርሱ ጋር በራሱ ይጣበቃል፤ ጥርስን የሚያጠነክረውን ፍሎራይድም ቀስ እያለ ይለቃል። አብዛኛውን ጊዜ የማደንዘዣ መርፌ እንኳ አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1994 ደግፎታል። በልዩ ልዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ተጠቃለው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲታዩ፣ ቀዳዳው በአንድ የጥርስ ገጽ ብቻ በሆነ ጊዜ፣ በቋሚ ጥርስ ላይ ከተሠሩት ሙሌቶች 85 በመቶው 3 ዓመት፣ 80 በመቶው ደግሞ 5 ዓመት ቆይተዋል። በወተት ጥርስ ላይ የተሠሩት በ2 ዓመት 93 በመቶ ጸንተዋል። ቀዳዳው ከአንድ ገጽ በላይ ሲሰፋ ግን በወተት ጥርስ ላይ ያለው ውጤት ወደ 62 በመቶ ይወርዳል። ይህን ያነሳሁት ዘዴው ለሁሉም ይሆናል ተብሎ ሕዝቡ ተስፋ ተሰጥቶት በኋላ እንዳያዝን ነው። ትርጉሙም ግልጽ ነው፤ ሰው ቀደም ብሎ እንዲመጣ ማድረግ የሕክምናው ግማሽ ነው።

ሁለተኛው ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባል ፈሳሽ ነው። በትንሽ ብሩሽ የተቦረቦረው ቦታ ላይ ይቀባል፤ ሥራው ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። 38 በመቶ ጥንካሬ ያለው ፈሳሽ በልጆች ጥርስ ላይ ተሞክሮ ወደ 81 በመቶ የሚሆነውን መበስበስ ባለበት እንዳቆመ ጥናቶች በአንድነት ያሳያሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ይህን ፈሳሽና ግላስ አዮኖመርን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷቸዋል። አንድ ጉድለት አለው፤ የተበላውን ቦታ ያጠቁረዋል፣ ጥቁረቱም አይለቅም። ስለዚህ ወላጅ አስቀድሞ ይነገረውና ይፍቀድ፣ በተለይ የፊት ጥርስ ሲሆን። ነርቭ ላይ ለደረሰና መግል ለቋጠረ ጥርስም አይጠቅምም፤ ያኔ የሥር ሕክምና ወይም መንቀል ግድ ነው።

ለልጆች ደግሞ ሌላ አለ። «የወተት ጥርስ እንደሆነ ይወድቃል፣ ምን ያደርጋል?» የሚለው አነጋገር ብዙ ልጅ አስለቅሷል። በስኮትላንድ በተደረገ ጥናት፣ የተበላውን የወተት መንጋጋ ሳይሰረስሩና ሳይወጉ ተዘጋጅቶ የመጣ ክራውን የሚባል የብረት ቆብ አልብሰውት 5 ዓመት ተከታተሉ። ከባድ ችግር የገጠማቸው ክራውን የለበሱት 3 በመቶ፣ በተለመደው መንገድ የተሞሉት ደግሞ 16.5 በመቶ ነበሩ። የወተት ጥርስ ያለጊዜው ሲነቀል ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ስለሚጋደሉ ቋሚው ጥርስ ቦታ አጥቶ ጠማማ ይበቅላል።

ጥርሱን አስቀድሞ ያጣውን ምን እናድርገው? እዚህ ላይ ጥናቱ በጀታችሁን የሚቆጥብ ነገር ይነግራችኋል። አርንት ካይዘር የተባሉ የኔዘርላንድ ሊቅ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ እንዳመለከቱት፣ ከፊት እስከ መካከል ያሉት 20 ገደማ ጥርሶች ተገጣጥመው እስካሉ ድረስ ብዙ ሰው በደንብ ያኝካል። በጀርመን የተደረገ ጥናትም የኋላ መንጋጋቸውን ያጡ ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን ተነቃይ ጥርስ ሠራላቸው፣ ሌላውን ባለበት ተወው፤ ከ10 ዓመት በኋላ በተረፉት ጥርሶች መጥፋት ረገድ የጎላ ልዩነት አልተገኘም። እንግዲያው ያለችው ገንዘብ መጀመሪያ መድረስ ያለባት የፊት ጥርሱን ላጣው፣ ከዚያም ጥርሱ አልቆ ድዱ ብቻ ለቀረው አረጋዊ ነው። አጥንት ውስጥ የሚተከለው ጥርስ ጥሩነቱ በጥናት የተረጋገጠ ነው፤ ወጪውን ግን አውቃለሁና ከዞኑ አልጠይቅም። ለአረጋዊው የሚሠራው ተነቃይ ጥርስ ግን ምክር ይከተለው። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት 85 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውና ተነቃይ ጥርሳቸውን ሳያወልቁ የሚተኙ ሰዎች የሳንባ ምች አደጋቸው እጥፍ ገደማ እንደነበር አሳይቷል። ማታ ማውለቅ፣ ማጠብ፣ ውኃ ውስጥ ማሳደር፤ ይህን ለመንገር ወጪ የለውም።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ያስቆጨኛል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጀመር ሰው ሠራሽ ጥርስ ከፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ጋር ተደርቦ የውበት ጉዳይ ተብሎ ከሽፋኑ ውጭ ሆነ። እንጀራ ማኘክ ያቃተው ሽማግሌ፣ ከሰው ፊት ነጠላዋን አፏ ላይ ሳትይዝ መናገር ያቆመች ወጣት የሚፈልጉት ማጌጫ አይደለም። ሽፋኑን የምትወስኑት እናንተ አይደላችሁም፤ ግን ከዞኑ የሚወጣ ደብዳቤ ከአንድ መምህር ደብዳቤ ይልቅ ይሰማል። ቢያንስ ድዱ ብቻ ለቀረ አረጋዊ ሙሉ ጥርስ እንዲሸፈን ለክልሉ ጤና ቢሮና ለኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት ጻፉልን።

በእጃችሁ ያለው ደግሞ ይህ ነው። ከደብረ ብርሃን ራቅ ካሉት ጤና ጣቢያዎች ጥቂቶቹን ምረጡ፤ እኔ ብጠየቅ መሐል ሜዳንና ዓለም ከተማን እመርጣለሁ፣ ከዚያ ተነሥቶ ለአንድ ሙሌት ዞን ድረስ የሚመጣ የለምና። በየአንዳንዱ አንድ ባለሙያ በእጅ መሣሪያ መሙላትንና ፈሳሹን መቀባትን ይሠልጥን። ግላስ አዮኖመሩና ፈሳሹ እንደ ማንኛውም መድኃኒት በዓመቱ ግዥ ይካተቱ። ባለሙያው በየወሩ ትምህርት ቤት ወርዶ የልጆችን አፍ ይይ። ስንት ጥርስ እንደተነቀለና ስንት እንደተሞላ፣ ሙሌቱም ከዓመት በኋላ መኖር አለመኖሩ ይመዝገብ፤ ለዚህ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አስራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ ቅርባችሁ ነው፣ ጠይቁት። ምዝገባው ዘዴው እኛ ጋ አልሠራም ካለ እኔም እቀበላለሁ።

መልሳችሁን፣ እንቢታም ቢሆን ከነምክንያቱ፣ በየጤና ጣቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንድትለጥፉልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሥነ ሕይወት መምህር፣ ከመንዝ