የተጎዱ ታካሚዎችን ጉዳይ ምክር ቤት አንሡልን

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሰፈራችን ውስጥ መቀመጫው ላይ መርፌ ተወግቶ ከዚያ ወዲህ ቀኝ እግሩን የሚጎትት ልጅ አለ። የዚያ እግሩ ጫማ ሁልጊዜ ከፊት ጫፉ ተፍቆ ያልቃል። መርፌ ነርቭ ካገኘ እንዲህ እንደሚያደርግ ሐኪሞች ያውቁታል። እናቱ ካርዱን ስትጠይቅ «ይፈለጋል» ተባለች፤ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ዘመድ ደግሞ «እግዜር ያመጣውን ምን ታደርጊዋለሽ፣ ተይው» ይላታል። ለምን ትተወዋለች?

የእንግሊዝ ፓርላማ አባላት አጭር የውሳኔ ሐሳብ ጽፈው ሌሎች እንዲፈርሙበት የሚያደርጉበት አሠራር አላቸው። አብዛኛው ለክርክር እንኳ አይቀርብም። ግን ጉዳዩ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ማን እንደፈረመም ይታያል፣ ስለዚህ ተጎጂው የራሱን ተወካይ «አንተስ ለምን አልፈረምክም?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። እናቶቻቸው በእርግዝና ጊዜ ታሊዶማይድ የተባለ መድኃኒት ወስደው እጅና እግራቸው ሳይሟላ የተወለዱትን ልጆች ጉዳይ በ1972 እ.ኤ.አ. ምክር ቤት ይዞ የገባው ጃክ አሽሊ የሚባል መስማት የተሳነው ሰው ነው። ጋዜጦችም አብረው ጮኹ። መድኃኒቱን የሸጠው ኩባንያ ብዙም ሳይቆይ ካሳውን በብዙ እጥፍ ጨመረ። ሁሌ እንዲህ አይፈጥንም። እዚያው እንግሊዝ በተበከለ ደም ኤችአይቪና ሄፓታይተስ የያዛቸው ሰዎች አሥርተ ዓመታት ጮኸው ነው አገር አቀፍ ምርመራ በ2017 እ.ኤ.አ. የታወጀላቸው፣ ሪፖርቱም የወጣው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው።

እኛ ጋስ? ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 55 ላይ ከዚያ የጠነከረ መሣሪያ አለ። ከምክር ቤቱ አባላት አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ፣ አስፈጻሚው አካል ሥልጣን ሥር ያለ ማንኛውም ጉዳይ ላይ ምክር ቤቱ መወያየት አለበት፤ እርምጃም መውሰድ ይችላል። ሚኒስትር ጠርቶ መጠየቅም ሥልጣኑ ነው።

ሐኪም ይታሰር እያልኩ አይደለም። ጓንትና መድኃኒት በሌለበት፣ መንገድ በተዘጋበት ሌሊቱን ሙሉ የሚሠሩትን አዋላጆችና ነርሶች እዚሁ ጎጃም ውስጥ በዓይናችን አይተናል፣ እነሱን ማሸማቀቅ ነውር ነው። የምንለው ታካሚ ካርዱን ቅጂ ያግኝ፣ አቤቱታው በተወሰነ ቀን መልስ ይሰጠው፣ ለተጎዳ ደግሞ ማሳከሚያና ካሳ የሚከፍል ፈንድ ይቋቋም ነው።

የደብረ ማርቆስ፣ የሞጣ፣ የቡሬ፣ የፍኖተ ሰላም ተወካዮች፣ ሐሳቡን ጽፋችሁ ፊርማ ማሰባሰቡን ጀምሩ። ጋዜጣችሁም የፈረሙትን ስም ያውጣልን።

ከደብረ ማርቆስ