ማሙሽን ፉትቦል ስትወስጂው

ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ማሙሽን የሃይስኩል ፉትቦል፣ ያንን በእጅ የሚያዘውን የአሜሪካኖቹን ኳስ፣ ላሳየው ማለትሽ ደስ ብሎኛል። ግን ገና 3 ዓመቱ ነውና ከአሁኑ አንድ ነገር ቁርጥ አድርጊ፦ እስከ መጨረሻው አትቆዩም። ጨዋታው 4 ኳርተር፣ እያንዳንዱ 12 ደቂቃ ነው። የተወረወረች ኳስ ሳትያዝ ስትወድቅ፣ ተጫዋች ከመስመር ሲወጣ ሰዓቱ ስለሚቆም ግን ከእረፍቱ ጋር 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። የዓርቡ ጨዋታ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከጀመረ የሚያልቀው እሱ ተኝቶ መሆን ባለበት ሰዓት ነው። የመጀመሪያውን ግማሽና በእረፍቱ የሚወጣውን ማርሽ ባንድ አይቶ ይውጣ። ከዚህም የሚሻለው የጁኒየር ቫርሲቲ፣ ማለትም የትምህርት ቤቱ የሁለተኛው ቡድን ጨዋታ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሌላ ቀን፣ ቀደም ብሎ ይደረጋል፣ ሰውም አይበዛበትም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ጆሮው ነው። ከበሮው አለ፣ ድምፅ ማጉያው አለ፤ አንዳንድ ትምህርት ቤትማ ነጥብ ሲቆጠር መድፍ ይተኩሳል። ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ስፖንጅ አታድርጊለት፤ አውጥቶ አፉ ውስጥ ይከተዋል። እንደ ሄድፎን ከላይ የሚደረገውን የጆሮ መከላከያ በልጅ ልክ ግዢለት፤ ጆሮውን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። የኮፍያ ጠርዝ ከሥሩ ከገባ ድምፁ በዚያች ክፍተት ሾልኮ ይገባል፤ ስለዚህ መከላከያው ይቅደም፣ ኮፍያው ከላይ ይሁን። ከአሁኑ ቤት ውስጥ በቀን 10 ደቂቃ ያህል ይልመደው። እዚያው ደርሰሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ብታደርጊለት አውልቆ ይወረውረዋል።

መቀመጫ ስትመርጪ ባንዱ ከተቀመጠበት ጫፍና ተማሪዎቹ ከሚጨፍሩበት ራቂ። ፊት ለፊት ያለው ረድፍ ጥሩ ይመስላል፣ ግን ተቀያሪዎቹ መስመሩ ላይ ቆመው ይጋርዱታል፣ አላፊ አግዳሚውም አያባራም። 5ኛ ወይም 6ኛ ረድፍ፣ መተላለፊያው አጠገብ ይሻላል። ሳትቀመጡ በፊት በመቀመጫውና በእግር መርገጫው መሀል ያለውን ክፍተት እዪው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው መመሪያ ክፍተቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች እንዲሆን ይመክራል፤ የድሮዎቹ ግን ሰፋፊ ናቸው፣ ትንሽ ልጅ ሾልኮ ሊወድቅ ይችላል። ሰፊ ሆኖ ካገኘሽው ቢጋረድበትም ወደ ታች ውረዱ። የአሉሚኒየም መቀመጫው ማታ ማታ ይቀዘቅዛልና ብርድ ልብስ አጥፈሽ አንጥፊለት።

ብዙ ቦታ የሚያስገቡት ውስጡ የሚታይ ቦርሳ ብቻ ነው፤ ምግብም ላያስገቡልሽ ይችላሉ። አንዴ ከወጡ ዳግመኛ የማያስገቡም አሉና ጃኬቱን መኪና ውስጥ አትተዪ። ትኬቱ በስልክ ከሆነ በር ላይ ሳትደርሺ ክፈቺው፤ ሰው ሲበዛ ኔትወርክ ያስቸግራል። በሩ ላይ ፎቶ አንሺው፣ ቢጠፋ ምን እንደለበሰ ለማሳየት ይረዳሻል፤ ስልክ ቁጥርሽንም ክንዱ ላይ ጻፊ። እዚያ የሚሸጠውን ፈንድሻ ግን አደራ፣ 4 ዓመት እስኪሞላው አይቅመስ፤ ያንቃል።

ሕጉን ልታስረጂው አትሞክሪ። አንድ ነገር ብቻ አሳዪው፦ ባለ ነጭና ጥቁር ሸሚዙ ዳኛ ሁለት እጁን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ሲያነሳ ነጥብ ተቆጠረ ማለት ነው። እሱም እጁን ያንሳ። ቢጫ ጨርቅ ሲወረወር ደግሞ አንዱ ጥፋት አጥፍቷል።

ሽንት ቤት በእረፍት ሰዓት አትሂዱ፤ ሰልፉ ረጅም ነው። ሁለተኛው ኳርተር ሳያልቅ የባንዱ ልጆች መሣሪያቸውን ይዘው ከመቀመጫቸው ሲወርዱ ታያለሽ። ያኔ ውሰጂው፤ በሰዓቱ ላይ ጥቂት ደቂቃ ቢቀርም ሰዓቱ እየቆመ ስለሚሄድ ትደርሳላችሁ። እረፍቱ ብዙውን ጊዜ 15 ደቂቃ ነው። ባንዱ ጨርሶ ሲወጣ እናንተም ውጡ፤ ከመኪና ማቆሚያው ለመውጣት ገና ግፊያ አይኖርም። መከላከያውን መኪናው በር ጋ እስክትደርሱ አታውልቂለት፤ ሦስተኛው ኳርተር ሲጀመር ጩኸቱ እንደገና ይነሳል።

ማሙሽን ሳሚልኝ።

እናትሽ