አንድ ዓመት ሙሉ ‹ፋይን›፦ የእንግሊዝኛ ክበብ ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን አብዛኛውን ጊዜውን ያሳለፈው በአንድ ቃል ላይ ነው። ቃሉ ‹ፋይን› ነው። አዎ፣ ያው ‹ሀው አር ዩ› ስንባል ሳናስበው ከአፋችን የሚወጣው። እቅዳችን እንዲህ አልነበረም። በየሳምንቱ አንድ ቅጽል እያነሳን ዓመቱን ልንዘልቅ ነበር ያሰብነው፤ ‹ፋይን›ን መጀመሪያ ላይ ያደረግኩትም ቀላል ነው፣ ማሟሟቂያ ይሆነናል ብዬ ነው።

በመጀመሪያው ስብሰባ ሰሌዳው ላይ ‹ፋይን ማለት ደህና› ብዬ ጻፍኩ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ ያዘገየ ሰው ፋይን አለበት የሚል ማስታወቂያ አንብቤያለሁ። ማዘግየት ደህና ከሆነ ለምን ያስከፍላሉ?» አለችኝ። የሰጠኋት መልስ ዛሬም ይቆጨኛል። «እሱ ሌላ ቃል ነው፣ አጻጻፉ ብቻ ነው የተመሳሰለው» አልኳት። ቤት ገብቼ መዝገበ ቃላት ስገልጥ ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። በሚቀጥለው ሳምንት ከምንም በፊት ያደረግኩት ስህተቴን ማረም ነበር።

ሁለቱም ከአንድ ሥር ነው የመጡት። ሥሩ ‹ፊኒስ› የሚለው የላቲን ቃል ነው፣ መጨረሻ ወይም ወሰን ማለት። ቅጣቱ ‹ፋይን› የተባለው ክፍያው ጉዳዩን ስለሚቋጨው ነው፤ ከፈልክ፣ አለቀ። ቅጽሉ ደግሞ በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ ሲመጣ የመጨረሻው ደረጃ ላይ የደረሰ፣ ከዚህ በላይ የማይባልለት የሚል ትርጉም ያዘ። የጠራ፣ የረቀቀ፣ ቀጭን የሚሉት ሁሉ ከዚያ ወዲህ የመጡ ናቸው። ወርቅ ላይ ይህ ትርጉም እስከ ዛሬ አለ። የወርቅ ጥራት በእንግሊዝኛ ‹ፋይንነስ› ይባላል፣ ከ1000 ነው የሚቆጠረው፣ 18 ካራት ወርቅ 750 ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ልጆቹ የ‹ፊኒስ›ን ዘመዶች ማደን ጀመሩ። ‹ፊኒሽ› እና ‹ፋይናል› ወዲያው ተገኙ። ‹ዲፋይን› ለአንድ ነገር ወሰን ማበጀት፣ ‹ኮንፋይን› በወሰን ውስጥ መዝጋት፣ ‹ሪፋይን› ማጥራት። ‹ፋይናንስ›ም እዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ነው ስላቸው ግን ማንም አላመነኝም ነበር፤ እሱም መነሻው ዕዳን ከፍሎ መዝጋት ነው። ኪቦርድ የሚጫወት አንድ ልጅ ደግሞ የኖታ ወረቀት ይዞ መጣ። መጨረሻው ላይ በጣልያንኛ ‹ፊኔ› ይላል፣ ሙዚቃው እዚህ ያበቃል ለማለት። ለወራት ሲያየው ኖሮ ከ‹ፋይን› ጋር አገናኝቶት እንደማያውቅ ሲናገር ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ትዝ ይለኛል።

አንድ ወፍራም ደብተር ገዝተን ‹የፋይን ደብተር› አልነው። ደንቡ ቀላል ነበር። ማንም ሰው ‹ፋይን›ን የትም ቢያገኘው ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ይጽፋል፣ ከሥሩ በአማርኛ ምን እንደሚሆን ያስቀምጣል። ‹ደህና› ብሎ ማለፍ ክልክል ነው። ያኔ ነው አማርኛችን ምን ያህል ሀብታም እንደሆነ ያየነው። ዱቄት ሲሆን የላመ ይባላል። ክር ሲሆን ቀጭን፣ አሸዋ ሲሆን ደቃቅ፣ ልዩነት ሲሆን ረቂቅ፣ ቀን ሲሆን ብራ። ውል ላይ በጥቃቅን ፊደል የሚጻፈውና ማንም የማያነበው ክፍል ‹ፋይን ፕሪንት› ነው። ሰዓት አጣብቦ ለጥቂት መድረስ ደግሞ ‹ካት ኢት ፋይን›።

የሳይንስ መምህራችንም አንድ ቀን ተጋብዘው መጥተው ነበር። በሳይንስ ቃሉ ልክ አለው አሉን። ‹ፋይን› የሚባለው አሸዋ ቅንጣቱ ከ0.125 እስከ 0.25 ሚሊሜትር የሆነው ነው። አየር ላይ ያለው ‹ፋይን› ብናኝ ደግሞ 2.5 ማይክሮሜትር ወይም ከዚያ በታች ነው፣ ከሰው ፀጉር ውፍረት ጋር ሲተያይ ወደ 30 እጥፍ ያንሳል፣ ስለዚህ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። አንድ ልጅ ወዲያው «እና ይሄኛው ፋይን ጭራሽ ደህና አይደለም!» አለ። ደብተሩ ውስጥ ይህ አባባሉ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል።

ብዙ ያከራከረን ግን ሌላ ነገር ነው። ‹ኤ ፋይን ቲቸር› እና ‹ዘ ቲቸር ኢዝ ፋይን› አንድ ናቸው? አይደሉም። የመጀመሪያው ምርጥ መምህር ነው፣ ትልቅ ሙገሳ ነው። ሁለተኛው መምህሩ አልታመመም፣ ወይም ያው ምንም አይልም ማለት ነው። ከስሙ በፊት ሲመጣ ከፍ ይላል፣ ከግሱ በኋላ ሲመጣ ዝቅ ይላል። ተማሪዎቻችን ድርሰት ላይ የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ የሚወዱትን ነገር ሊያሞግሱ ፈልገው ‹ኢት ኢዝ ፋይን› ይላሉ፣ አንባቢው ግን ነገሩ ያን ያህል እንዳልሆነ ይረዳል።

ሁለት ስብሰባ ከተከራከርን በኋላ አንዲት ልጅ የኛም ‹ደህና› እንደዚያው ነው አለች። እውነቷን ነው! ‹ደህና ሰው› እና ‹ሰውየው ደህና ነው› አንድ አይደሉም። ‹ደህና ገንዘብ አገኘ› ስንል ደግሞ ገንዘቡ ጠርቀም ያለ ነው። ሌላው ‹ቀጭን›ን አነሳ። ‹ቀጭን እመቤት› ስንል ስለ ሰውነቷ አይደለም፣ ስለ ወግና ክብሯ ነው፤ ‹ቀጭን ትእዛዝ› ደግሞ ውልፍት የሌለው ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ቋንቋዎች ቀጭንነትን ከክብርና ከጥራት ጋር በአንድ ቃል ማገናኘታቸው እኔን እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ከፍ ያሉት ልጆች ከሼክስፒር ሐምሌት አንድ ዓረፍተ ነገር አመጡ። ወደ 1600 አካባቢ የተጻፈ ነው። በአምስተኛው ገቢር መጀመሪያ ትዕይንት ሐምሌት መቃብር ስፍራ ቆሞ፣ ይህ የራስ ቅል የሕግ ሰው ይሆን እያለ፣ ‹ፋይን›ን በአንድ ትንፋሽ አራት ጊዜ ይጠራዋል። አንዱ መጨረሻ ነው። አንዱ መሬት የሚተላለፍበት የዘመኑ የሕግ ሰነድ ነው። አንዱ ያማረ ጭንቅላት ነው፣ የመጨረሻው ደግሞ ጭንቅላቱን የሞላው የላመ አፈር። ሙሉውን ወደ አማርኛ ለመመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀብን፣ አልቻልንም። አራቱን ትርጉም የሚሸከም አንድ ቃል የለንም። ለኔ ግን ዓመቱን ሙሉ ከሠራነው ሁሉ ምርጡ ሥራ ያ ያልተሳካው ትርጉም ነው።

በሁለተኛው ሴሚስተር ፈተና ስለደራረበብን የተሰበሰብነው ጥቂት ጊዜ ነው። ያኔ ድምፅ ላይ ሠራን። አንድ ቃል ብቻ እየተጠቀሙ አጭር ድራማ መሥራት። በቁጣ ‹ፋይን!› ስትል ‹እሺ በቃ!› ማለት ነው፣ መስማማት አይደለም። የሆነ ነገር ሲጋብዙህ ‹አይም ፋይን› ካልክ ደግሞ ‹ይቅርብኝ› ማለትህ ነው።

በዚያ ድራማ ላይ ብዙም የማያወራ አንድ ልጅ ነበር። ተራው ሲደርስ ጓደኛው ‹ሀው አር ዩ› አለው። ‹ፋይን› አለ፣ ቀስ ብሎ፣ መሬት መሬት እያየ። ክፍሉ ፀጥ አለ። ተዋናይ ይሁን እውነቱን ይሁን ማናችንም አልገባንም። ጓደኛው ድራማውን ትቶ በአማርኛ «ምን ሆነሃል?» ብሎ ጠየቀው። አብረው ወጡ፣ እኔም አላስቆምኳቸውም። ከዚያ ወዲህ ክበባችን ሲጀመር ሰላምታ ላይ ‹ፋይን› የሚል ሰው አንድ ተጨማሪ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ደክሞኛል፣ ርቦኛል፣ ፈተናው ከብዶኛል፣ ዛሬ ደስ ብሎኛል፣ የፈለገውን። በእንግሊዝኛ ነው ታዲያ፣ ስህተትም ቢሆን ማንም አያርመውም። አፋቸው የተፈታው በዚህ ይመስለኛል።

ለሚቀጥለው ዓመት ልጆቹ ድምፅ ሰጥተው ‹ናይስ›ን መርጠዋል። ላቲኑ ‹የማያውቅ› ማለት እንደሆነና እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ሞኝን ይገልጽ እንደነበር ነግሬያቸው ነው የመረጡት። ሞኝ የነበረው ቃል እንዴት ‹ደስ የሚል› እንደሆነ ራሳቸው ይድረሱበት ብዬ አልነገርኳቸውም። የፋይን ደብተር ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ከመዝገበ ቃላቶቹ አጠገብ ተቀምጧል፣ መጨረሻው ላይ ባዶ ገጾች አሉት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው የዚያች የ9ኛ ክፍል ልጅ ጥያቄ ነው፣ በራሷ እጅ ጽሑፍ።