ሎግቡካችሁን ይዛችሁ ኑ

ሰላም የሐዋሳ ሬዚደንት ሐኪሞች፣

ቅዳሜ ከራውንድ (ከበሽተኞች ጉብኝት) በኋላ ሐይቁ ዳር ቡና እየጠጣን ሎግቡካችንን፣ ማለትም የሠራነውን የምንመዘግብበትን ደብተር፣ እንተያይ። እውነቱን ለመናገር እኔም የመጀመሪያ ዓመት እያለሁ የሦስት ወሩን በአንድ ሌሊት ሞልቼዋለሁ። በአንድ እስክሪብቶ! ሲኒየር ሐኪሙም ሳያነብ ፈረመልኝ። «ራሴ ሠራሁት» ብዬ ከጻፍኩት አንዱ ኦፕራሲዮን ላይ ሪትራክተር (ቁስሉን ከፍቶ የሚይዝ መሣሪያ) ይዤ ከመቆም በቀር ምንም አልሠራሁም።

ስንት እንደሠራን መቁጠር ብቻ ጥራትን አያሳይም። ሚኒ ሲኢኤክስ የሚባለው ምዘና ይሻላል፦ ሲኒየሩ በሽተኛ ስታዩ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ ቆሞ ያያችኋል፤ ያየውን እዚያው ይነግራችኋል። መጀመሪያ ላይ ያስፈራል፣ አልዋሽም።

እያንዳንዳችን በወር አንድ ጊዜ ሲኒየሮቻችንን ይህን ብንጠይቅስ? ቅዳሜ እንወስን። ገጹ ባዶ የሆነበትም ይምጣ፤ እንዳትሞሉት ብቻ።